ለነካሹ ርኅራኄ፣ ለተነከሰችውስ?

(ቦታው አዲስ አበባ፣ አንድ የመንግሥት አፀደ ሕፃናት ነው፤ ሰዓቱ የመውጫ ሰዓት። ጋሼ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው፤ የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተዋል። መምህርት የልጅቷ የክፍል አስተማሪ ናት።)

ጋሼ፦ ልጅቷን ሆን ብዬ የክፍሏ ሞግዚት ጋ ትቻት ነው የመጣሁት፤ እሷ ፊት እንዲህ ያለ ነገር መነጋገር አልወድም። ትናንት ማታ እናቷ ልብስ ስትቀይርላት ክንዷ ላይ የጥርስ ምልክት አየች። ላይና ታች፣ አንድ በአንድ የሚቆጠር።

መምህርት፦ አዎ ጋሼ፣ ትናንት ረፋድ ላይ ነው የሆነው። በመገናኛ ደብተሯ ጽፌ ልኬ ነበር።

ጋሼ፦ ጽሑፍሽንማ አንብበነዋል። በውኃና በሳሙና መታጠቡን፣ ቆዳው አለመላጡን ሁሉ ጽፈሻል። የነከሳት ልጅ ምን እንደተደረገ ግን አንድ ቃል የለም። ምን ቀጣሽው?

መምህርት፦ እርስዎ ቅጣት የሚሉትን ዓይነት ነገር አላደረግሁበትም።

ጋሼ፦ ይኸው! ማታ ለእናቷ ያልኳት ይህንኑ ነው። የዘንድሮ አስተማሪ ሥልጠና ገብቶ ሲወጣ መቆጣትም ወንጀል ይመስለዋል አልኳት። ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። ርኅራኄን ማን ይጠላል? ግን አንቺ ለነካሹ ስትራሪ ዕዳውን የምትከፍለው የተነከሰችዋ ከሆነች፣ እሱ ርኅራኄ አይባልም። አድልዎ ነው።

መምህርት፦ እዚህ ላይ እንስማማለን። ስለዚህ ነው መጀመሪያ ወደ እሷ የሄድኩት፤ ልጁን ቀና ብዬም አላየሁትም። ልጅ ሲናከስ ክፍሉ ሁሉ ወደ ነካሹ ይዞራል፤ አስተማሪዋ ትጮኻለች፣ ሞግዚቷ ትሮጣለች፣ ልጆቹ ከበው ያያሉ። የተነከሰው ክንዱን ይዞ ጥግ ይቀራል። እኔ አቀፍኳት፤ "አመመሽ፣ አይደል?" አልኳት፤ አጥቤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ያዝኩላት። ከዚያ በኋላ ነው ልጁ ጋ የሄድኩት።

ጋሼ፦ ሄደሽስ?

መምህርት፦ ተንበረከክሁ።

ጋሼ፦ አንቺ ነሽ የተንበረከክሽው? በእኛ ጊዜ የሚንበረከከው ያጠፋው ነበር!

መምህርት፦ ዓይኔ ከዓይኑ እኩል እንዲሆን ነዋ። ቆሜ ስናገረው የሚታየው ጉልበቴ ብቻ ነው። ሁለት እጆቹን ያዝኩና "ሰው አይነከስም። ንክሻ ያማል" አልኩት። በቃ። የአራት ዓመት ልጅ በተናደደበት ሰዓት ከዚያ የረዘመ ነገር አይገባውም። አልጮኽኩም፤ ግን ድምፄም ፊቴም የጨዋታ አልነበረም። እያለቀሰ ነበር፤ ትንፋሹ እስኪመለስ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲረጋ ምን ፈልጎ እንደነበር ጠየቅሁት። "ቧንቧው የኔ ተራ ነበር" አለኝ። "እንግዲያው 'ተራዬ ነው' በላቸው" አልኩትና ሁለታችን ጮክ ብለን ደጋግመን አልነው። በመጨረሻ ፎጣውን እንደገና ነክሮ ለእሷ ያመጣላት እሱ ራሱ ነው።

ጋሼ፦ ይቅርታስ?

መምህርት፦ በል ብዬ አላስገደድኩትም።

ጋሼ፦ ይሄማ አይሆንም። ይቅርታ ማለትን በዚህ ዕድሜው ካልለመደ መቼ ሊለምድ ነው?

መምህርት፦ ቃሉንማ ለምደውታል ጋሼ። ገፍቶ ይጥልና ዞር ሳይል "ይቅርታ" ብሎ ሩጫውን ይቀጥላል። እኔ የምፈልገው ወደ ጎዳው ልጅ ተመልሶ አንድ ነገር እንዲያስተካክል ነው። ይሄ ደግሞ የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም። ትልልቆቹ ሲጣሉ የምንልከው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ አይገርፍም፤ ሁለቱንም ያዳምጣል፣ ጥፋትን ያሳምናል፣ ካሣ ያስከፍላል፣ ያስታርቃል። ትልቅ ሰው ሲያጠፋ ሽማግሌ፣ ትንሽ ልጅ ሲያጠፋ አርጩሜ! ትዕግሥቱ ለማን ይገባ ነበር?

ጋሼ፦ ጥሩ ተናገርሽ፤ ግን ሽማግሌ የሚላከው ልብ የገዛ ሰው ላይ ነው። ሕፃን ገና ልብ አልገዛም። እስኪገዛ ድረስ ነው እኮ አርጩሜው የሚያስፈልገው።

መምህርት፦ ልብ አለመግዛቱን እኔም አልክድም። "ቆይ፣ አስብ" የሚለው፣ ንዴትን የሚገታው የአንጎላችን የፊት ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ሰው ሃያዎቹን አጋምሶ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ንዴቱ ሙሉ ነው፤ ልጓሙ ግን ገና አልተሠራም። ስንመታው ልጓሙ አይሠራለትም፤ ይደነግጣል። ደንግጦ ዝም ሲል እኛ ተማረ እንላለን። መገታትን የሚማረው እሱ ሲናወጥ የማይናወጥ ሰው አጠገቡ ሲያገኝ ነው። አንድ ቀን ሳይሆን ሺህ ጊዜ።

ጋሼ፦ ሺህ ጊዜ! ክፍልሽ ውስጥ ስንት ልጅ አለ?

መምህርት፦ አርባ ስድስት።

ጋሼ፦ በይ እንግዲህ፣ አርባ ስድስትን በሺህ አባዢው።

መምህርት፦ እሱን አልሸሸውም፣ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን የቧንቧውን ነገር ልንገርዎት። ልጁ ሲናከስ ትናንት የመጀመሪያው አይደለም። ሲደጋገም ደብተር ያዝኩለት። የጥፋት መዝገብ እንዳይመስልዎት፤ የምጽፈው ስንት ሰዓት ላይ ነበር፣ የት ነበር፣ ከዚያ በፊት ምን እየሠራን ነበር፣ አጠገቡ ማን ነበር የሚለውን ብቻ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገልጬ ሳየው ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ለምገባ ከመሄዳችን በፊት እጅ ስንታጠብ።

ጋሼ፦ ሲርበው ነው በይኛ።

መምህርት፦ ረሀቡ አለ። ፀሐዩ አለ። ከሦስቱ ቧንቧ ውኃ ያለው አንዱ ነው። አርባ ስድስት ልጅ በአንድ መስመር ሲሰለፍ መጨረሻ ላይ ያለው ልጅ እስኪደርሰው የሚጠብቀውን ያስቡት። እኛ ትልልቆቹ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንት እንባባላለን? እሱ ደግሞ አጠር ያለ ልጅ ነው፤ ከኋላ ይገፉታል፣ ከፊት ይቀድሙታል። አፉ ቃል ሳያገኝ ጥርሱ ይቀድመዋል። ዛሬ አምስት አምስት አድርጌ ነው ያስታጠብኳቸው። የቀሩት ዛፉ ሥር ከሞግዚቷ ጋር አኩኩሉ ሲጫወቱ ቆዩ።

ጋሼ፦ ስለዚህ ጥፋተኛው ቧንቧው ሆነ። ሲመች!

መምህርት፦ የነከሰው ልጁ ነው፤ ያንን ነግሬዋለሁ፣ እንዲክስም አድርጌያለሁ። ግን እሱን ብቻ ቀጥቼ ሰልፉን እንዳለ ብተወው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ ይናከሳል። እዚህ ግቢ ውስጥ ባለጌ ከምንላቸው ልጆች ብዙዎቹ ረጅም ሰዓት አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ወላጅ ፊደል ቶሎ ይቁጠርልኝ ይላል፣ እንግሊዝኛ ይላል፤ እኛም እናስቀምጣቸዋለን። ከዚያ ተቁነጠነጡ ብለን እንቆጣለን።

ጋሼ፦ አኩኩሉማ ጥሩ ነው። እኛም ጨለማው እስኪይዘን...

መምህርት፦ እንዲያውም ለእኔ ሥራ ከአኩኩሉ የሚሻል ነገር አላገኘሁም። ልጁ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሊገልጠው ያምረዋል፤ "ነጋ" እስኪሉት ግን አይገልጥም። የተደበቀው ደግሞ ሳቁ ሊያመልጠው እየታገለው አፉን ይዞ ይቀመጣል። ማንም ሳይቆጣቸው፣ ደስ እያላቸው፣ ራሳቸውን መግታት ይለማመዳሉ። ሰኞ ማክሰኞም እንዲሁ ነው፤ መስመር የረገጠ ተራውን ይለቃል፣ ያለ ዳኛ። ውጭ አገር ለዚህ ዓላማ ተብለው የሚሸጡ ዕቃዎች አሉ። እኛ ጠመኔ ይበቃናል።

ጋሼ፦ እሺ። አሁን የእኔን ደግሞ ስሚ። አባቴ የኔታ ጋ ሲያስገባኝ ምን እንዳላቸው ታውቂያለሽ? "ከዓይኑ በቀር እንደፈለጉ ያድርጉት።" በአለንጋ ተገርፌያለሁ፣ በርበሬ ታጥኛለሁ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ እዚያ ደግሞ ማስመሪያው በጠርዙ ነበር፤ ጣቶቻችን መሃል እስክሪብቶ አስገብተው ይጨምቁን ነበር። ይኸው ሰው ሆንኩ። ልጆች አሳደግሁ፣ የሰው ልጅ አስተማርኩ። ተገርፎ የጠፋ ሰው አላየሁም።

መምህርት፦ ከእርስዎ ጋር ሀሁ የጀመሩት ልጆች ሁሉ ዳዊት ደገሙ?

ጋሼ፦ ኧረ የት! ስንቱ ኮብልሎ እረኝነት ገባ።

መምህርት፦ "ተገርፈን ሰው ሆንን" ስንል እነሱን ማን ቆጠራቸው? ተገርፎ የጠፋማ እዚህ ተቀምጦ አይነግረንም። ያንግ ላይቭስ የሚባል ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ሲያድጉ የተከታተለ ነው። የእኛዎቹ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ተጠየቁ፤ ሦስት አራተኛው ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ መምህር ተማሪ ሲመታ አይተናል አሉ። ትምህርት ቤት የማይወዱበትን ምክንያት ሲጠየቁም የመምህር ዱላ ከፊተኞቹ ነው። ልጁን ከትምህርት ጋር የምናጣላው እኛው ራሳችን ነን ማለት ነው።

ጋሼ፦ ዱላ ሌላ፣ ቁንጥጫ ሌላ። እኔ አጥንት ስበሩ አላልኩም። ያልተቆነጠጠ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ሲባል አልሰማሽም? በእንቁላሉ በቀጣሽኝ ያለውን ሌባስ ረሳሽው?

መምህርት፦ የእንቁላሉን ተረት እወደዋለሁ። ልጁ እንቁላል ሰርቆ መጣ፤ እናትየው ምን አደረገች?

ጋሼ፦ ዝም አለችዋ።

መምህርት፦ ተቀበለችው ጋሼ! ለእኔ ጥፋቷ አለመግረፏ አይደለም፤ እንቁላሉን መቀበሏ ነው። እጁን ይዛ የጎረቤት ደጅ ብትወስደው፣ "ይኸው የወሰድኩት" ብሎ እንዲመልስ ብታደርገው፣ በሬ መስረቅ ድረስ ባልደረሰ ነበር። ገርፋው እንቁላሉን ብትጠብሰውስ? እንዳይያዝ ይማር ነበር እንጂ እንዳይሰርቅ አይማርም።

ጋሼ፦ (ሳቁ) ቆይ፣ ይቺን ለጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ። ግን መጽሐፉስ? መጽሐፈ ምሳሌ ስለ በትር የሚለውን እኔ አልጻፍኩትም።

መምህርት፦ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆኑ ዮሐንስ አፈወርቅን ላንሳልዎት። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረ አባት ነው፤ መጽሐፈ ምሳሌን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ የጻፈው ድርሳን አለ። እዚያ ላይ አባትን ልጅህን በበትር አታልምደው፤ ሁልጊዜ የሚመታ ልጅ በትሩን መናቅ ይጀምራል፤ ከናቀው ደግሞ ምንም አልቀረህም ብሎ ይመክረዋል።

ጋሼ፦ አፈወርቅ እንዲህ ብሏል?

መምህርት፦ ቃል በቃል አልጠቀስኩም፤ ሐሳቡ ግን ይሄ ነው። ሙሉውን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ ምቱ ይቅር እንጂ ፍርሃቱ ይኑር፣ ልጁ እመታለሁ ብሎ ያስብ ባይ ነው። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር እለያያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። በማስፈራራት የሚሠራውን ሥራ እኛ በየቀኑ እናየዋለንና! "ጅብ ይበላሃል"፣ "ፖሊስ ይወስድሃል"፣ "መርፌ ይወጉሃል"። ያንን ልጅ ለክትባት ጤና ጣቢያ ውሰዱት እስቲ። ነጭ ጋወን ሲያይ ያለውን ጩኸት።

ጋሼ፦ የኔ ልጅ፣ ሁሉንም ከከለከልሽ ምን ቀረ? ሕጉ እንኳ ለወላጅ ተግሣጽ ፈቅዷል።

መምህርት፦ ልክ ነዎት፣ ሕጉ ሁለት ፊት አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ የአካል ቅጣትን ከልክሏል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ አሳዳሪው ለአስተዳደግ አስፈላጊ የሆነውን የማረሚያ እርምጃ ይወስዳል ይላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ከቀጣ በኋላ ተገቢ የሆነ ተግሣጽን ለይቶ አውጥቶታል። ስለዚህ ያው ወላጅ ጠዋት በሩ ላይ "ቆንጥጪልኝ" ብሎኝ ይሄዳል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ቤት ውስጥም ከልክላለች። ስዊድን ራቀች ካሉኝ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕገ መንግሥቷ ከልክላለች።

ጋሼ፦ ከልክሎ ምን ተገኘ? የጥናት ነገር ከሆነ የምታወሪው፣ በጥናት የማይባል የለም።

መምህርት፦ አንዱን ብቻ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2016 ገርሾፍና ግሮጋን-ኬይለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የ75 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ መረመሩ፤ 160,927 ልጆች ነበሩበት። የአለንጋ ነገር አይደለም፤ በመዳፍ መቀመጫን ወይም እጅና እግርን መምታትን ብቻ። ከተመለከቷቸው 17 ነገሮች 13ቱ ላይ መመታት ከባሰ ጠብ፣ ከባሰ እልህ፣ ከወላጅ ጋር ከመራራቅ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ከተሻለ ጠባይ ጋር የተያያዘበት አንድም የለም።

ጋሼ፦ አስቸጋሪ ልጅ ነው እኮ ብዙ የሚመታው! ዱላው ነው ያበላሸው ወይስ የተበላሸው ነው ዱላ ያበዛው?

መምህርት፦ ይሄ ተመራማሪዎቹም የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው፤ ቀላል አይደለም። ግን ዱላ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል የሆነ ቦታ ላይ ሲያድን ይታይ ነበር። ጥናቱን እንተወው። እርስዎ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አስተምረዋል አይደል?

ጋሼ፦ አስተምሬያለሁ! ጎጃም ውስጥ፣ በፋኖስ። ጠዋት ያረሰ ገበሬ ማታ እርሳስ ይዞ ይቀመጣል። እጁ ከሞፈር ሌላ ይዞ አያውቅም፤ "ሀ" ስትጽፊለት ወረቀቱን ይበሳዋል።

መምህርት፦ ትናንት ያስተማሩትን ዛሬ ሲረሳ ይገርፉት ነበር?

ጋሼ፦ ምን ነካሽ! ባለ ትዳር፣ ባለ ልጅ ሰው? እጁን ይዤ አብሬው እጽፋለሁ እንጂ። "አይዞህ አባቴ" ነው እንጂ።

መምህርት፦ ተማረ?

ጋሼ፦ ተማረ። ደብዳቤ የጻፈልኝ አለ። ...ገባኝ ወዴት እንደምትሄጂ። ግን አንድ አይደለም። ትልቅ ሰው ፈልጎ ነው የመጣው። ልጅ ተጎትቶ ነው የሚመጣው። ፍላጎት የሌለውን በምን ታስቀምጪዋለሽ?

መምህርት፦ የአራት ዓመት ልጅ ነው ፍላጎት የሌለው? እርስዎ ቤት ያለችው ቀኑን ሙሉ "ለምን?" አትልም?

ጋሼ፦ የኛዋ ዝምተኛ ናት። ጨዋ ናት። ይሄንን ልንገርሽ፤ እኛ ቤት ማንም አይመታትም። ዓይን ይበቃታል። እናቷ ቀና ብላ ካየቻት ያለችበት ትቀመጣለች። እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዛ ድምጿ አይሰማም። ሰው ሁሉ ነው የሚያደንቃት።

መምህርት፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ፈልጌ ሰዓት እየጠበቅሁ ነበር። ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም፤ በአካል ይሻላል ብዬ ነው።

ጋሼ፦ ምንድን ነው?

መምህርት፦ ትናንት ሲነክሳት አላለቀሰችም።

ጋሼ፦ እንዴት አላለቀሰችም? ጥርሱ እንደዚያ ገብቶ?

መምህርት፦ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፣ ክንዷንም አልነጠቀችውም። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ለሌላ ልጅ እጅጌ እጠቀልል ነበር። የሰማሁት "ነከሳት! ነከሳት!" የሚል የጓደኛዋን ድምፅ ነው። ዞር ስል እጇን ዘርግታ ቆማ ታየኛለች። የምታየው ክንዷን አልነበረም። የምታየው የእኔን ፊት ነበር፤ ልቆጣት እንደሆነ ለማወቅ።

ጋሼ፦ ...

መምህርት፦ ስለ ነካሹ ብዙ አወራን። እውነቱን ከነገርኩዎት፣ እኔን ይበልጥ የምታሳስበኝ እሷ ናት። እሱ ያመመውን ሁሉ በጥርሱም ቢሆን ይናገራል። ቃል እሰጠዋለሁ፣ ጥርሱን ይተዋል። እሷ ግን ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን "እንቢ" ስትል አልሰማሁም። እርሳሷን ይወስዱባታል፤ ዝም። ተራዋን ይቀድሟታል፤ ዝም። ሽንት ሲመጣባት እንኳ አትጠይቅም፤ ቁጢጥ ስትል አይቼ ነው የምወስዳት።

ጋሼ፦ ዓይን አፋር ስለሆነች ነው። እናቷም ልጅ ሆና እንዲሁ ነበረች።

መምህርት፦ ዓይን አፋርማ ሌሎችም አሉኝ። ዓይን አፋር ልጅ ከሰው ይሸሻል፣ ሲያመው ግን ያለቅሳል። እሷ መታዘዝን አብዝታ የተማረች ልጅ ናት። ይሄ ለቤት ይመቻል፣ ለእኔም ለአርባ ስድስት ልጅ አስተማሪ ይመቸኛል፤ ሁሉም እንደሷ ቢሆኑ ሥራዬ ገነት ነበር። ግን ትልቅ ሰው ያለሽን ሁሉ እሺ በይ፣ ዓይኑን ካፈጠጠ ዝም በይ ብለን ያሳደግናት ልጅ፣ አንድ ቀን ክፉ ትልቅ ሰው ቢገጥማትስ? ጎረቤት፣ ዘመድ፣ አስተማሪ? ያኔ ተነስታ እንድትጮኽ እንዴት እንጠብቃለን?

ጋሼ፦ እንዲህ ያለ ነገር አታምጪብኝ።

መምህርት፦ እኔ የማመጣው አይደለም ጋሼ። ልጅን በማስፈራት ዝም ስናሰኘው ዝምታውን ለእኛ ብቻ አያስቀምጥልንም። ለሌላውም ዝም ይላል።

ጋሼ፦ (ከጥቂት ጊዜ በኋላ) ምን እያደረግሽላት ነው?

መምህርት፦ ትናንት ከሰዓት እጇን ወደፊት ዘርግታ "ተው! ያመኛል!" እንድትል አለማመድኳት። መጀመሪያ ድምጿ አልወጣም፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሞግዚቷ ላይ ሞከረችው። ከዚያ ዛፉ ላይ ጮኸች፤ ዛፉን "ተው!" አለችው። ልጆቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ዛሬ ደግሞ ከትናንቱ ልጅ ጋር ቁጭ ብለው ጭቃ ሲያቦኩ ነበር። እናቷ ቀሚሱን ስታይ እንዳትቆጣት ይንገሩልኝ።

ጋሼ፦ የነከሳት ከሚቀጥለው ቅያስ ያለው ልጅ ነው አይደል? እናትየው ቅርብ ጊዜ የወለደችው?

መምህርት፦ ስሙን እንደማልነግርዎት ያውቃሉ።

ጋሼ፦ ልጅቷ ነግራናለች። ልጠይቅሽ ያሰብኩት ቤታቸው ሄጄ ልናገራቸው ወይ የሚለውን ነበር።

መምህርት፦ እባክዎ ይተዉት። ማታ ቤቱ ቢገረፍ ነገ ጠዋት ተቀጥቅጦ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ንዴቱን ደግሞ አባቱ ላይ አይመልሰውም፤ ጉልበቱ የሚችለው ላይ ነው።

ጋሼ፦ እሺ፣ እሱን ተውኩት። ያን የሺህ ጊዜውን ሒሳብ ግን አልመለስሽልኝም። አርባ ስድስት ልጅ ነው። አንቺ አንድ ነሽ። ሞግዚቷ ስንት ክፍል ነው የያዘችው?

መምህርት፦ ሁለት። ለዚህ የሚሆን ብልሃት የለኝም ጋሼ፤ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ይሄን ሁሉ ያወራሁት ሥልጠና ላይ ሲነገር ደስ ይላል። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት ወጥቼ፣ ታክሲ ተጋፍቼ፣ የወሩ ደመወዝ በሃያኛው ቀን አልቆ ስመጣ፣ የአርባ ስድስት ልጅ ጩኸት እኔንም ይንጠኛል። ሲመጣብኝ ይታወቀኛል፤ እጄ ይሞቃል። እጄን ወደ ኋላዬ አጣምሬ ሞግዚቷን ጠርቼ ውኃ ልጠጣ እወጣለሁ። ሞግዚቷ ሌላ ክፍል ካለች ግን መውጫ የለኝም። ያልረጋ ሰው ልጅ አያረጋጋም። ለልጆቹ ርኅሩኅ ሁኚ የሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ረዳት ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል።

ጋሼ፦ የወላጅ መምህር ስብሰባው መቼ ነው?

መምህርት፦ ቅዳሜ። አጀንዳው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ይጨመርልን የሚል ነው፣ ከዚያ አጥሩ ይቀባ የሚል አለ።

ጋሼ፦ አጥሩ ምን ሆነ? ሁለቱ ቧንቧ ይጠገን እላለሁ። ረዳትም እጠይቃለሁ፤ ወላጅ ካዋጣ አንድ ሰው መቅጠር አያቅትም። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፤ ወረዳ እመላለሳለሁ። በቁንጥጫው ግን አልተረታሁም፤ ተረታ ብለሽ እንዳታወሪብኝ።

መምህርት፦ አላወራም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ዛሬ ቤት ስትገቡ "ነይ ሳሚኝ" ሲሏት ፊቷን ካዞረች ይተዉላት።

ጋሼ፦ አያቷን? አያቷን እንቢ ትበል?

መምህርት፦ የሚወዳትን ሰው እንቢ ብላ ካልተለማመደች በማን ትለማመደው?

ጋሼ፦ ይሄማ በዛ፤ ከቧንቧውም ከረዳቱም ይከብዳል። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?